ቀይ አፈርና ባዶ እግር፦ የአንድ በሽታ መነሻ ፍለጋ

ዱራሜ ከሐምበሪቾ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ የከምባታ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ዝናብ የማያጣው ቀይ መሬት ነው። እንሰቱም፣ ዝንጅብሉም፣ ቡናውም የሚበቅለው በዚሁ አፈር ላይ ነው፤ የገበሬው ሀብትም መተማመኛም እሱ ነው። በአንድ በኩል ወደ ሆሳዕናና ወደ ሀዲያ ቀበሌዎች፣ በሌላ በኩል ወደ ወላይታ ቢኬድ የምድሩ መልክ ብዙም አይለወጥም።

በደቡቡ ደጋ እግራቸው ከጉልበት በታች የሚያብጥ፣ ቆዳቸው ሻክሮ ጉብጉብ የሚል፣ በየጊዜው ትኩሳት እየጣላቸው አልጋ የሚይዙ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ኖረዋል። ሕዝቡ በሽታውን ዝሆኔ ይለዋል። ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ግን መልሱ ብዙ ነበር። እርግማን ነው የሚል አለ፤ የአባት ኃጢአት ነው የሚል አለ፤ የእባብ ሬሳ ረግጦ ነው የሚልም አለ። መልሶቹ ይለያዩ እንጂ መድረሻቸው አንድ ነው፤ ጥፋቱ ወይ በበሽተኛው ወይ በቤተሰቡ ላይ ያርፋል።

ይህ ታሪክ የዚያ በሽታ መነሻ እንዴት እንደተፈለገ ይተርካል። ፍለጋው አሥርት ዓመታት ፈጅቷል፤ ከገበያ ዳር ተነስቶ እስከ ዘረ-መል ቤተ ሙከራ ደርሷል። በዚያው ዘመን በሌላው የዓለም ክፍል ሐኪሞች መነሻው ያልታወቀ ሌላ በሽታ ሲያሳድዱ ነበር፦ ዛሬ ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድሮም የሚባለውን፣ እረፍት የማይፈውሰውን፣ ትንሽ ሥራ ሰውን ለቀናት የሚጥልበትን ሥር የሰደደ ድካም። ሁለቱ ታሪኮች እየተያዩ የሚሄዱት በአንድ ምክንያት ነው። መነሻው ያልታወቀ በሽታ ተጠያቂ አያጣም፤ ተጠያቂውም አብዛኛውን ጊዜ ታማሚው ራሱ ይሆናል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትሉ የተጠረጠረበት ዘመን

በ1877 ፓትሪክ ማንሰን የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም በቻይናዋ የወደብ ከተማ በአሞይ ሲሠራ፣ በሰው ደም ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የፊላሪያ ትሎች ወደ ትንኝ ሆድ ገብተው እንደሚያድጉ አየ። በነፍሳት የሚተላለፍ በሽታ መኖሩን ካሳዩት የመጀመሪያ ግኝቶች አንዱ ይህ ነው። ትሉ የሊምፍ ቧንቧዎችን ስለሚያበላሽ እግር ያብጣል። ከዚያ ወዲህ ያበጠ እግር ያየ ሐኪም ሁሉ ትንኝንና ትልን ማሰቡ የተለመደ ሆነ።

ይህ መልስ ለብዙ ቆላማ አገሮች ትክክል ነበር። በእኛም አገር በጋምቤላ በኩል ፊላሪያ አለ። ለደጋው ግን አልሠራም። ትሉ በደም ሥር የሚዘዋወረው በሌሊት ስለሆነ፣ እሱን የሚፈልግ ባለሙያ በሽተኛውን እኩለ ሌሊት ላይ ቀስቅሶ ጣቱን ወግቶ ደም መውሰድ አለበት። የደጋው ሕመምተኛ ደም በዚህ መንገድ ቢመረመርም ትሉ አልተገኘም። የደጋው ብርድም ለትሉ በትንኙ ሆድ ውስጥ ማደግ አይመችም።

የእግሩም እብጠት የተለየ ነበር። ፊላሪያ ከብሽሽት ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜም አንድ እግር ይዞ ብልትን ሳይቀር ያሳብጣል። የደጋው ዝሆኔ ግን ከእግር ጣት ይጀምራል። በመጀመሪያ የእግር ጀርባ ያሳክካል፤ ማታ ማታ ውስጥ እግር ያቃጥላል፤ ከዚያ እብጠቱ ቀስ እያለ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከጉልበት አይዘልም። ሁለቱንም እግር ይይዛል፤ ግን እኩል አይደሉም፤ አንዱ ይብሳል።

በ1960 ኮሄን የተባለ ሐኪም ስለ ኢትዮጵያና ስለ ኬንያ የእግር እብጠት በምሥራቅ አፍሪካ የሕክምና መጽሔት ሲጽፍ፣ በርዕሱ ላይ መነሻው ያልታወቀ መሆኑን በግልጽ አስቀመጠ። ለአንባቢ ትንሽ ነገር ይመስላል። ለፍለጋው ግን ትልቅ እርምጃ ነበር። ትሉን ይዞ መሄድ ቀላል ነበር፤ ትሉን ለቅቆ «አናውቅም» ማለት ግን አዲስ በር ይከፍታል።

በዚያው ዘመን ለንደን ውስጥ ሌላ ነገር ተፈጥሮ ነበር። በ1955 በሐምሌ ወር በሮያል ፍሪ ሆስፒታል ሐኪሞችና ነርሶች በተከታታይ መታመም ጀመሩ። ራስ ምታት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የጡንቻ ድካም፣ ማዞር ነበራቸው። እስከ ኅዳር ድረስ 292 ሠራተኞች ታመሙ፤ ሆስፒታሉም ለወራት ተዘጋ። ቫይረስ ተፈለገ፤ አልተገኘም። ከታመሙት መካከል አንዳንዶቹ ለዓመታት አልዳኑም።

ገበያ ዳር የተደረገ ቆጠራ

ኢትዮጵያ ውስጥ ከኮሄን ቀጥሎ ጥያቄውን ያነሳው ኦመን የተባለ ሐኪም ነው። በ1969 ያወጣው ጥናት ዘዴው ቀላልና ብልህ ነበር። ቤት ለቤት መዞር በማይቻልበት አገር ሰው ሁሉ የሚገናኝበት ቦታ ገበያ ነው። ስለዚህ በተለያዩ አካባቢዎች በገበያ ቀን እየተገኘ፣ ከሚያልፉት ሰዎች እግራቸው ያበጠውን ቆጠረ። ውጤቱ በአማካይ ወደ 2.7 በመቶ ሆነ። ከመቶ ሰው ወደ ሦስት መቅረቡ ነው። እግሩ የከፋበት ሰው ገበያ እንደማይወጣ ከታሰበ፣ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ እንደሚበልጥ መገመት ይቻላል።

ቆጠራው ሁለት ነገር አሳየ። በሽታው ብርቅ ሳይሆን የብዙ ሰው ችግር ነው፤ ሥርጭቱም የትም እኩል ሳይሆን በደጋው ይበዛል። ተመራማሪ ለሁለተኛው ነጥብ ጆሮውን ያቆማል። ከአንድ ቦታ በዝቶ ከሌላው የሚጠፋ በሽታ፣ ምክንያቱ በዚያ ቦታ ላይ ያለ ነገር መሆን አለበት።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1970፣ ለንደን ላይ ተቃራኒው ሆነ። ማክኤቬዲና ቢርድ የተባሉ ሁለት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የሮያል ፍሪን መዝገብ ገለጡና በሽታው የጅምላ መሸበር፣ የስሜት መናወጥ ነው ብለው ጻፉ። ታማሚዎቹን ራሳቸው አልመረመሩም። ከማስረጃዎቻቸው አንዱ ከታመሙት አብዛኞቹ ሴቶች መሆናቸው ነበር። ምርመራ ምንም ካላሳየ ችግሩ ከታማሚዋ ጭንቅላት ነው የሚለው አስተሳሰብ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የብዙ ሰው ሕይወት አከበደ። ከምባታ ውስጥ እርግማን የሚባለው ነገር ለንደን ላይ ሌላ ልብስ ለብሶ መጣ ማለት ነው።

ንፍፊቱ ውስጥ የተገኘው አቧራ

ነገሩን ወደ አፈር ያዞረው ኧርነስት ፕራይስ ነው። እንግሊዛዊው ፕራይስ አዲስ አበባ በአለርት ሆስፒታል ይሠራ የነበረ የሥጋ ደዌ ቀዶ ሐኪም ነበር። የሥጋ ደዌ ሐኪም ውሎው ከእግር ጋር ነው፤ ቁስሉን፣ መርገጫውን፣ ጣቱን ሲያይ ይኖራል። ፕራይስም ከሥጋ ደዌ እግር የሚለየውን ይህን እብጠት እያየ ጥያቄውን ያዘው። በ1970ዎቹ የበሽታውን ሥርጭት ከአገሪቱ የአፈር፣ የከፍታና የዝናብ ካርታ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጠ። ሁለቱ ገጠሙ። በሽታው የሚበዛው ከጥንት እሳተ ገሞራ ዐለት በዝናብ ብዛት ተፈርፍሮ የወጣ ቀይ ሸክላማ አፈር ባለበት፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚጥልበት ከፍታ ቦታ ነው። ዱራሜን የሚያውቅ ሰው ይህን መግለጫ ሲያነብ የራሱን ጓሮ ያያል።

ግጥምጥም ግን ማስረጃ አይደለም። ቀይ አፈር ያለበት ቦታ ድህነትም አለበት፤ ዝናብም አለበት፤ ሌላም ብዙ ነገር አለበት። አፈሩ በእርግጥ ሰውነት ውስጥ መግባቱን ማሳየት ያስፈልግ ነበር። ለዚህ ፕራይስና ባልደረቦቹ የሄዱት ወደ ንፍፊት ነው። ከእግር የሚነሳው የሊምፍ ፈሳሽ መጀመሪያ የሚያልፈው በብሽሽት ባሉት ዕጢዎች ነው፤ ከእግር የገባ ባዕድ ነገርም የሚቀረው እዚያ ነው። ከባዶ እግር ሂያጆች የተወሰደ የንፍፊት ቁራጭ ስስ ሆኖ ተቆርጦ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታየ። ባዕድ ነገር እየዋጡ ሰውነትን በሚያጸዱት ሴሎች ውስጥ፣ ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ የሚያንሱ ቅንጣቶች ታጭቀው ተገኙ። ቅንጣቶቹ ከምን እንደተሠሩ በኤክስሬይ ሲመረመር ሲሊኮንና አልሙኒየም ወጣ። እነዚህ የሸክላ አፈር ንጥረ ነገሮች ናቸው።

የማዕድን ቆፋሪ ሳንባ በድንጋይ ብናኝ እንደሚጠነክር በሕክምናው ዓለም ይታወቅ ነበር። ፕራይስ የእግሩም በሽታ በዚያው መንገድ የሚመጣ መሆኑን ጠረጠረ። ባዶ እግር በእርሻና በመንገድ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የሸክላው ብናኝ ይገባል፤ የሰውነት ጽዳት ሴሎች ይውጡታል፤ ሊፈጩት ግን አይችሉም። በዙሪያው ቁጣ ይነሳል፤ ቁጣው የሊምፍ ቧንቧውን ጠባሳ ያደርገዋል፤ መውረጃ ያጣው ፈሳሽም እግሩ ላይ ይከማቻል። በ1985 ፕራይስና ባልደረባው ፋይፍ የሲሊካ ብናኝ በጥንቸል የሊምፍ ቧንቧ ውስጥ ሲያስገቡ ቧንቧው በእርግጥ ተጎዳ። በሽታው ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ሳይንሳዊ ስም ያገኘው ከፕራይስ ነው።

ሌላም የሚያጠናክር ነገር ነበር። በሽታው በአንድ ወቅት በአልጄሪያ፣ በቱኒዝያና በሞሮኮ፣ እንዲሁም በስኮትላንድ፣ በአየርላንድና በፈረንሳይ ሳይኖር እንዳልቀረ ይታመናል። ማንም ትንኝ ሳያጠፋ፣ ማንም ክትባት ሳይሰጥ ከእነዚያ አገሮች ጠፋ። የተለወጠው ነገር ሕዝቡ ጫማ ማድረጉ ነው።

ያም ሆኖ አንድ ነገር አልገጠመም። ቅንጣቶቹ በታመሙት ንፍፊት ውስጥ ብቻ አልነበሩም፤ በባዶ እግራቸው እየሄዱ ጤነኛ ሆነው በቀሩትም ውስጥ ተገኝተዋል። ቀይ አፈር የረገጠው ሰው ሁሉ ነው፤ እግሩ ያበጠው ግን ከመቶ ጥቂቱ ነው። እንዲያውም አንድ ማሳ እያረሱ፣ በአንድ መንገድ እየሄዱ፣ አንዱ ቤት ሦስት ሕመምተኛ ሲኖረው ጎረቤቱ አንድም የለውም። ፕራይስ ገና በ1972 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ የዘር ድርሻ ሊኖር ይችላል ብሎ ጽፎ ነበር። ይህንን የሚፈትሽ መሣሪያ ግን በዘመኑ አልነበረም። ፕራይስ የሥራውን ውጤት በ1990 በመጽሐፍ አሳተመ፤ ከዚያም ጥያቄው ለጥቂት ዓመታት ዝም አለ።

ለሌላኛው በሽታ ያው ዘመን የመጠሪያ ዘመን ሆነ። በ1984 እና በ1985 አሜሪካ ውስጥ በታሆ ሐይቅ ዳር በኢንክላይን ቪሌጅ ብዙ ሰዎች በድካም ወደቁ። ኤፕስታይን ባር የተባለው ቫይረስ ተጠረጠረ፤ ጥርጣሬው ግን አልጸናም። በ1988 የአሜሪካ ባለሙያዎች በሽታውን በምልክቶቹ ብቻ ገልጸው ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድሮም አሉት። መነሻው ስላልተገኘ ከምልክቱ ስም ወጣለት፤ ድካም የሚለው ቃልም ሰሚው «ማን የማይደክመው አለ?» እንዲል በር ከፈተ።

ወላይታ ላይ የተገናኙት ፈትሎች

በ1998 ናታን ባርሎው የተባለ አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ ሐኪም በወላይታ ሶዶ ለእነዚህ ሕመምተኞች የሕክምና ፕሮጀክት ጀመረ። ወላይታ ከከምባታ ጋር የሚዋሰን፣ አፈሩም ኑሮውም የሚመሳሰል ምድር ነው። ፕሮጀክቱ የሰጠው ውድ መድኃኒት አልነበረም። በሳፋ ውሃ ይቀርባል፤ ጥቂት ጠብታ በረኪና ይጨመርበታል፤ ሕመምተኛው እግሩን ነክሮ ይቆያል። ከዚያ በሳሙና በእያንዳንዱ የቆዳ እጥፋትና በጣቶች መካከል ይታጠባል፤ በደንብ ይደርቃል፤ ቅባት ይቀባል፤ እብጠቱ በፋሻ ይጠቀለላል። ሲቀመጥ እግሩን ከፍ እንዲያደርግ ይነገረዋል፤ በመጨረሻ ካልሲና ጫማ። ለብዙዎቹ እግራቸውን በርጋታ ይዞ የነካቸው የመጀመሪያው ሰው የፕሮጀክቱ ሠራተኛ ነበር። ሠራተኞቹም ብዙዎቹ ራሳቸው ታክመው የተሻላቸው ሰዎች ነበሩ።

ለተመራማሪ ይህ ሌላ ነገርም ነበር። በሽተኞች ከየመንደሩ የሚሰባሰቡበት፣ ስማቸውና ቤተሰባቸው የሚታወቅበት ቦታ ተገኘ ማለት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ክፍል ታስተምር የነበረችው እንግሊዛዊቷ ሐኪም ጌይል ዴቪና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቿ ጥያቄውን ከዚህ አነሱት። በ2003 የወጣው ጥናት በወላይታ ከመቶ ሰው ከአምስት በላይ፣ ትክክለኛው 5.46 በመቶ፣ በበሽታው መያዙን አሳየ። በ2006 ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ የኢኮኖሚ ጉዳቱን ሲያሰሉ፣ አንድ ሕመምተኛ በዓመት ከሥራ ቀኑ 45 በመቶ ያህሉን እንደሚያጣ አገኙ። በአንድ ዞን ብቻ የዓመቱ ኪሳራ ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ትኩሳቱ ሲነሳ ገበሬው ዘር በሚዘራበት ሳምንት ይተኛል፤ ሲሻለውም አዝመራው አልፏል። ሰነፍ የሚለው ቃል የሚመጣው ከዚህ ነው። ከሩቅ ሆኖ ለሚያይ ሰው የዝሆኔ ሕመምተኛውም ክሮኒክ ፋቲግ ያለባትም ሴት ሰነፍ ይመስላሉ።

በ2007 ፕራይስ በግምት ያለፈው የዘር ጥያቄ ቁጥር አገኘ። ከወላይታ 59 ቤተሰቦች ትውልድ እየተቆጠረ ሲመረመር፣ የታመመ ሰው ወንድም ወይም እህት የመታመም ዕድሉ ከሌላው ሕዝብ አምስት እጥፍ ሆነ። ሰዎች በበሽታው ለመያዝ ባላቸው ተጋላጭነት መካከል ካለው ልዩነት 63 በመቶ ያህሉ በዘር የሚወረስ መሆኑም ተሰላ።

ይህ ውጤት ለሳይንስ ደስታ ነበር፤ ለመንደሩ ግን ስጋት። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች የሚጠይቁት የመጀመሪያው ነገር «ቤቱ ውስጥ ዝሆኔ አለ ወይ?» ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ዝሆኔ ግን የሚደበቅ አይደለም፤ ተደብቆ የሚቀረው ታማሚው ነው። ከገበያ ይቀራል፤ ከዕድር ይቀራል፤ ከአምልኮ ይቀራል። በ2009 ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ወላይታ ላይ ስለ ዘረ-መል ጥናት ፈቃደኝነት ሲጠይቁ፣ ሰዎች የፈሩት መርፌውን ሳይሆን የጥናቱን ወሬ መሆኑን መዘገቡ። የዘር በሽታ ነው ከተባለ መንደሩ ያለውን መገለል በሳይንስ ማኅተም ያጸናዋል፤ ያላገቡት ልጆችም ሳያገቡ ይቀራሉ። ስለዚህ ጥናቱን የሚያስረዱ ሰዎች ምን ብለው እንደሚናገሩ፣ ማን በቅድሚያ እንደሚጠየቅ፣ ቤት ለቤት ሲኬድ የጎረቤት ዓይን እንዴት እንደሚታለፍ አብሮ መታሰብ ነበረበት።

ጉዳዩ የመንደሩ ሰው ብቻ አልነበረም። በ2010 በረከት ያዕቆብ፣ ከበደ ደሪቤና ዴቪ በደቡብ ኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎችን ሲጠይቁ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታው ተላላፊ እንደሆነ ያምኑ ነበር፤ ሲያክሙም እንዳይዛቸው ይፈሩ ነበር። ፕራይስ አፈሩን ካሳየ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖ እንኳ እውቀቱ ከመጽሔት ገጽ ወደ ጤና ጣቢያው በር አልደረሰም።

በዚያው ዓመታት ሌላው ፍለጋ ከባድ ውድቀት ገጠመው። በጥቅምት 2009 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ኤክስ ኤም አር ቪ የተባለ ቫይረስ በክሮኒክ ፋቲግ ሕመምተኞች ደም ውስጥ ተገኘ ተብሎ ታተመ። ተስፋው ለወራት አገር አዳረሰ። ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ግን ሊደግሙት አልቻሉም። ቫይረሱ በቤተ ሙከራ ከአይጥ ዘረ-መል የተፈጠረ፣ ናሙናዎቹን ሾልኮ የበከለ ሆኖ ተገኘ። መጽሔቱ በታኅሣሥ 2011 ጽሑፉን ሰረዘው፤ በ2012 ኢያን ሊፕኪን የመራው ሰፊ ጥናትም ከሕመምተኞቹ አንድም ላይ ቫይረሱን አላገኘም። ደጋው ላይ ትሉ ሲፈለግ የነበረው ስህተት እዚህ በሌላ ተህዋስ ተደገመ።

አፈርና ዘር ሲገናኙ

መጋቢት 2012 ላይ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የፋሲል ተኮላ አየለንና የባልደረቦቹን ጥናት አተመ። 194 ሕመምተኞችና 203 ጤነኞች፣ ከዚያም 202 የወላጅና የልጅ ሦስትዮሾች በዘረ-መላቸው ተነጻጸሩ። ልዩነቱ የወጣው ኤች ኤል ኤ ክላስ ሁለት በሚባለው ስፍራ ነው። ይህ የዘረ-መል ክፍል የሰውነት መከላከያ ሴሎች ባዕድ ነገርን ለይተው ለሌሎቹ የሚያሳዩበትን መሣሪያ የሚሠራ ነው። ስለዚህ ብናኙ የሁሉንም ባዶ እግር ይገባል፤ የአንዳንዱ ሰው መከላከያ ግን ለብናኙ ከመጠን በላይ ይቆጣል። የፕራይስ ካርታና የፕራይስ ጥርጣሬ ከአርባ ዓመት በኋላ በአንድ ገጽ ላይ ተገናኙ።

ውጤቱ መንደሩን ያስፈራውን ነገር ሲያጸና አልተገኘም፤ እንዲያውም አፈረሰው። ተጋላጭነቱን ቢወርስም ጫማ ላደረገ ሰው በሽታው አይመጣም። በወላጅ ዕጣ ላይ የተጻፈ ነገር ቢሆንማ ስኮትላንድ ውስጥ ባልጠፋ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ፖዶኮኒዮሲስን ትኩረት ካልተሰጣቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ጎን አስገባው። ኢትዮጵያም በሰኔ 2013 ባወጣችው ብሔራዊ ዕቅድ ውስጥ አካተተችው። በዚያው ዓመት አገር አቀፍ ካርታ ለመሥራት ቡድኖች ወደ መንደሮች ወረዱ። እኩለ ሌሊት ደም መውሰድ ቀርቶ የፊላሪያ ምልክት በቀን፣ በጣት ጠብታ ደም በካርድ ላይ ይታይ ነበር። ወደ 130,000 የሚጠጋ ሰው ተመረመረ። አገር አቀፍ አማካዩ 4 በመቶ ወጣ፤ ከፍተኛው 8.3 በመቶ ሆኖ የተገኘው ከምባታና ሀዲያ ያኔ በነበሩበት የደቡብ ክልል ነው። ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቹ በ2015 ያወጡት ካርታ በሽታው ሊኖርባቸው በሚችሉ 345 ወረዳዎች ወደ 34.9 ሚሊዮን ሕዝብ እንደሚኖር አሰላ። በአገሪቱ የታመሙት ወደ 1.5 ሚሊዮን እንደሚደርሱም ተገመተ። ኦመን ገበያ ላይ የጀመረው ቆጠራ በአርባ አራት ዓመት ውስጥ አገር አዳረሰ።

የሕክምናው ጥያቄ መልስ ያገኘው ምሥራቅ ጎጃም ላይ ነው። 696 ሕመምተኞች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ወዲያው፣ ግማሾቹ ከአንድ ዓመት በኋላ የእግር አጠባበቁን እንዲያገኙ ተደረገ። በ2018 የታተመው ውጤት እንዳሳየው የታከሙት በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ፣ ያልታከሙት 23.9 ጊዜ ትኩሳቱ ተነስቶባቸዋል። ቅናሹ ተአምር አይደለም። ግን ሳሙና፣ ውሃ፣ ቅባትና ጫማ የገበሬውን የእርሻ ቀናት እንደሚመልሱ በሙከራ የተረጋገጠው ያኔ ነው።

የሌላኛው በሽታ ታሪክ ገና መንገድ ላይ ነው። በ2015 የአሜሪካ የሕክምና ተቋም ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድሮም የሥነ ልቦና ሳይሆን ከባድ የአካል በሽታ መሆኑን በይፋ አወጀ። በነሐሴ 2025 በኤዲንብራ የሚመራው ዲኮድኤምኢ የተባለ ጥናት 15,579 ሕመምተኞችን ከጤነኞች ጋር አነጻጽሮ ከበሽታው ጋር የተያያዙ ስምንት የዘረ-መል ስፍራዎች አገኘ፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ ከመከላከያ ሥርዓቱ ጋር ይዛመዳሉ። እዚያ የዘሩ ፍንጭ መጣ፤ እግራቸው የረገጠው አፈር ግን ገና አልተለየም። እዚህ አፈሩም ዘሩም ታውቀዋል፤ በመካከላቸው ያለው ሰንሰለት ግን ሙሉ በሙሉ አልተገለጠም። የሸክላ ቅንጣት የመከላከያ ሴሉን በምን መንገድ እንደሚያስቆጣ፣ ከአፈሩ ማዕድናት ውስጥ የትኛው ዋናው እንደሆነ እየተፈተሸ ነው።

ለዱራሜ ገበሬ ግን የሚያስፈልገው እውቀት በእጅ አለ። የቀረው ሥራ ሁለት ነው። አንደኛው የጫማ ነው። ብዙ ቤት ኮንጎም ሆነ በረባሶ አይጠፋም፤ ግን ጫማው ለገበያና ለአምልኮ ይውላል እንጂ ማሳ ሲገባ ይወልቃል፤ ጭቃው ይይዘዋልና። ያበጠ እግር የሚገባበት ጫማም በሱቅ አይገኝም፤ በልክ መሠራት አለበት። ሁለተኛው የንግግር ነው። የከምባታ ሰው ለዘመናት የጸና ልማድ በቀበሌ ውይይት ሲለወጥ አይቷል፤ ቦጋለች ገብሬ በ1997 ዱራሜ ላይ በመሠረተችው ድርጅት አማካይነት የሴት ልጅ ግርዛትን ያስተወችው በአዋጅ ሳይሆን ሰውን አስቀምጣ በማወያየት ነበር። ዝሆኔም ላይ ያው ውይይት ያስፈልጋል፤ ሽማግሌው ለጋብቻ ሲሄድ የሚጠይቀው «ቤቱ ውስጥ ዝሆኔ አለ ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «ልጆቹ ጫማ ያደርጋሉ ወይ?» እስኪሆን ድረስ።

የመነሻ ፍለጋው ለመንደሩ የሰጠው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ኮሄን፣ ኦመን፣ ፕራይስ፣ ዴቪ፣ ፋሲልና ከበደ በየተራቸው ያስገቡት ማስረጃ ሲደመር የሚሰጠው ፍርድ የሕመምተኛው ነጻ መውጣት ነው። ጥፋቱ የእሱም፣ የአባቱም፣ የእናቱም አልነበረም። እርሻውን ሲያርስበት የኖረው አፈርና የወረሰው ደም በባዶ እግር ሲገናኙ የሚሆን ነገር ነው። ያንን መገናኘት የሚከለክለው ጫማ ነው።